የታሪክ መጽሐፍ ለየትኛው አንባቢ? የአፄ ቴዎድሮስን ዘመን ምሳሌ ያደረገ የምርጫ መመሪያ

አንድ የታሪክ መጽሐፍ ጀምረው ሠላሳኛው ገጽ ላይ የሚያቆሙ አንባቢዎች አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አድርገው «እኔ ታሪክ አይገባኝም» ይላሉ። መጽሐፉን ያዋሳቸው ሰው ደግሞ የመጽሐፉን ጥሩነት ስለሚያውቅ አንባቢው ሰነፍ ይመስለዋል። ነገር ግን ከሁለቱም ወገን ጥፋት ላይኖር ይችላል። ዘመንን በምክንያትና በውጤት አሰናስሎ የሚያስረዳ መጽሐፍ፣ አስቀድሞ ሰውየውን ማወቅ ለሚፈልግ አንባቢ ሲሰጥ ሁለቱ ሳይገናኙ ይለያያሉ። እንዲሁም ገድልና ወሬ የበዛበት መጽሐፍ፣ «ይህን ማን አየው? የት ተጻፈ?» እያለ ለሚያነብ ሰው ትዕግሥት የሚያስጨርስ ይሆንበታል።

የሚከተለው መመሪያ መጽሐፍን ከአንባቢ ጋር እንዴት ማገናኘት እንደሚቻል በአንድ ምሳሌ ላይ ተመሥርቶ ያሳያል። ምሳሌው የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ከየካቲት 1847 እስከ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የቆየው ይህ ዘመነ መንግሥት አጭር ቢሆንም፣ ስለ እርሱ የተጻፈው በዓይነቱ እጅግ የበዛ ነው፤ ዜና መዋዕል አለው፣ የንጉሡ ደብዳቤዎች አሉት፣ የእስረኞች ማስታወሻ፣ የዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ የጋዜጠኛ ትረካ፣ ልብ ወለድ፣ ተውኔት፣ ፎቶግራፍና የቃል ግጥም አለው። አንድን ታሪክ በዚህ ሁሉ መንገድ ማየት የሚቻልበት ሌላ ዘመን በአገራችን ታሪክ ብዙ አይገኝም።

አስቀድሞ አንድ ነገር መጥራት አለበት። ስለ መማር ስልት ሲነሣ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት «እኔ በዓይኔ ነው የምማረው፣ እርሷ በጆሮዋ ነው» የሚለውን አከፋፈል ነው። አራት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ2008 እ.ኤ.አ. በዚህ ጉዳይ ላይ እስከዚያ የተሠሩትን ጥናቶች መርምረው፣ ትምህርት ተማሪው «የእኔ ነው» በሚለው ስልት ሲሰጠው የተሻለ ውጤት እንደሚያገኝ የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አለማግኘታቸውን ጽፈዋል። ስለዚህ ራስን «የዓይን ተማሪ ነኝ» ብሎ ሰይሞ ሥዕል የሌለበትን መጽሐፍ ሁሉ መተው ኪሳራ ነው። በእኔ አስተያየት በታሪክ ንባብ አንባቢዎችን የሚለያያቸው ዓይንና ጆሮ አይደለም፤ ገና ገጹን ሳይገልጡ በልባቸው የሚይዙት የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። መጻሕፍቱም የሚለያዩት በአስቸጋሪነታቸው ሳይሆን አስቀድመው በሚመልሱት ጥያቄ ነው።

የራስዎን ጥያቄ ይወቁ

ይህን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ አምባ ላይ ሲወጣ በገዛ ሽጉጣቸው ራሳቸውን እንደገደሉ ማንኛውም አማርኛ አንባቢ ያውቃል። ይህን ዓረፍተ ነገር ካነበቡ በኋላ መጀመሪያ ወደ አእምሮዎ የመጣው ጥያቄ ምንድን ነው? «በዚያች ሰዓት ምን ተሰማቸው? አጠገባቸው ማን ነበር?» ከሆነ እርስዎ በሰው በኩል የሚገቡ አንባቢ ነዎት። «ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ? ከዚያስ በኋላ ማን ነገሠ?» ከሆነ የዘመኑን መሥመር የሚፈልጉ ነዎት። «ጥፋቱ የማን ነበር? ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ?» ካሉ ክርክር ይወዳሉ። «ይህን የጻፈው ማን ነው? በዓይኑ አይቷል?» የሚል ጥያቄ ከቀደመ ደግሞ ቦታዎ ከሰነዶች ጋር ነው። «መቅደላ የት ነው? ጦሩ በየት በኩል መጣ?» የሚሉም አሉ።

ብዙ ሰው ከእነዚህ ሁለቱን ይደባልቃል፤ ጥያቄውም እንደ ዕድሜውና እንደ ሥራው ይለወጣል። መልሱ ስለ እርስዎ ተፈጥሮ የተሰጠ የምስክር ወረቀት አይደለም፤ የሚያገለግለው የመጀመሪያውን መጽሐፍ ለመምረጥ ብቻ ነው።

በሰው በኩል ለሚገባ አንባቢ

እንዲህ ያለ አንባቢ በአማርኛ የተሻለ ዕድል አለው፤ ምክንያቱም የአማርኛ የታሪክ አጻጻፍ ራሱ ከጥንት ጀምሮ በሰው ዙሪያ የተሠራ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፍ ሊሆን የሚችለው የጳውሎስ ኞኞ «አጤ ቴዎድሮስ» ነው። ጳውሎስ የአዲስ ዘመን ጋዜጠኛ ነበር፤ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ የብዙ ሺህ አንባቢዎችን ጥያቄ ሲመልስ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ተራው አንባቢ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ወሬውን ከነምንጩ ያመጣል፤ ደብዳቤውን ከነቃሉ ይሰጣል። ትምህርት ቤት ውስጥ ታሪክ ሰልችቶት የቀረ ጎልማሳ በዚህ መጽሐፍ ሲመለስ አይቻለሁ። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ጋዜጠኛው የሰበሰበውን ሁሉ ጎን ለጎን ስለሚያስቀምጥ፣ የትኛው ምስክር ከየትኛው እንደሚበልጥ የመመዘኑ ሥራ በአንባቢው ላይ ይወድቃል።

ሰፋ ያለና የተረጋጋ ትረካ የሚፈልግ አንባቢ የተክለ ጻድቅ መኩሪያን «አፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» ይያዝ። የተክለ ጻድቅ መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት በትምህርት ቤት ሲሠራባቸው ስለኖሩ፣ የዛሬ አያቶች የሚያስታውሱት የታሪክ አነጋገር የእርሳቸው ነው ማለት ይቻላል። አጻጻፋቸው ጦርነቱን በቦታና በቀን፣ መኳንንቱን ከነማዕረጋቸውና ከነትውልዳቸው ይዘረዝራል። ይህ ዝርዝር አንዳንዱን አንባቢ ያደክማል፤ በሰው በኩል የሚገባ አንባቢ ግን የማን ልጅ የማን አማች እንደሆነ ማወቁ ዘመነ መሳፍንትን ለመረዳት ዋናው ቁልፍ መሆኑን ቶሎ ይገነዘባል። ካሣ ኃይሉ (በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባሉት) የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ማግባታቸው፣ ከዚያም በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ የሚስታቸውን አባት ራስ ዓሊን ማሸነፋቸው ያለ ዝምድናው ሐረግ የሚገባ ነገር አይደለም። ሲያነቡ አጠገብዎ ወረቀት ይያዙና የጋብቻውንና የልደቱን ሐረግ እየሣሉ ይሂዱ፤ ከሃምሳ ገጽ በኋላ ስሞቹ መምታታታቸውን ያቆማሉ።

ልብ ወለድና ተውኔትስ? የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች ከማናቸውም የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ የቴዎድሮስን መልክ በሕዝቡ ልብ ውስጥ የቀረጹ ናቸው። በእነርሱ መጀመር ነውር የለውም፤ ነገር ግን ሥርዓት ያስፈልገዋል። ልብ ወለዱን ሲጨርሱ እውነት ናቸው ብለው ያመኗቸውን አምስት ነገሮች በወረቀት ይጻፉና፣ እያንዳንዱን በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይፈልጉ። ጥቂቶቹ ይገኛሉ፣ ጥቂቶቹ ተለውጠው ይገኛሉ፣ ጥቂቶቹ ጨርሶ አይገኙም። ይህ ፍለጋ ራሱ ከብዙ ምዕራፍ ንባብ የበለጠ ያስተምራል፤ ምክንያቱም አንባቢው የሚፈልገው የራሱን ጥያቄ መልስ ነው።

የዘመኑን መሥመር ለሚፈልግ

እዚህ ላይ ምክሩ አጭር ነው። የባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ በእንግሊዝኛ በ1991 እ.ኤ.አ. ሲታተም ከ1855 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን ይዞ ነበር፤ በኋላ እስከ 1991 እ.ኤ.አ. እንዲደርስ ተደርጎ ተስፋፍቷል፤ በአማርኛም ቀርቧል። ቴዎድሮስ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚይዙት ጥቂት ገጾችን ነው፤ ጥቅሙም ይኸው ነው። ንጉሡን ከዮሐንስና ከምኒልክ ጋር በአንድ ረድፍ አሰልፎ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው በምን መንገድ እንደቀጠለው ያሳያል። ቴዎድሮስ ከራሳቸው በፊትና በኋላ ካለው ጊዜ ጋር ካልተያያዙ አንባቢው የሚያገኘው ጀግና ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለማንበብ ግን ዘዴ ይጠይቃል። ደራሲው አንድን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለሚዘጋው፣ በፍጥነት የሚያነብ ሰው ምንም ሳይይዝ ያልፋል። አንድ ክፍል አንብበው መጽሐፉን ይክደኑና ያነበቡትን በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር ከራስዎ ይጻፉ፤ ከዚያ ከፍተው ያመሳክሩ። ያነበቡትን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ከአእምሮ ለማውጣት መሞከር ለረጅም ጊዜ እንደሚያቆይ በተማሪዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አሳይተዋል፤ ይህ ደግሞ ለማንኛውም ዓይነት አንባቢ የሚሠራ ነው።

ክርክር ለሚወድ

አንዳንድ ሰው ጸሐፊ ከጸሐፊ ሲጋጭ ካላየ አይነቃም። ለእንዲህ ያለው አንባቢ ሰፊ የታሪክ መጽሐፍ ከመስጠት አንድ ጠባብ ጥያቄ ይዞ የሚነሣ ጥናት መስጠት ይሻላል። ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩቤንሰን በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ንጉሠ ነገሥት ቴዎድሮስ ያሳተመው በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ ቀጭን ነው፤ ዶናልድ ክራሚ በ1969 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጽሑፍ ቴዎድሮስን እንደ ለውጥ አራማጅና እንደ አዘማኝ ይመረምራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ያው ጸሐፊ የንጉሡን የኃይል እርምጃዎች ለብቻ አንሥቶ ጽፏል። እነዚህን ሦስቱን ከአማርኛዎቹ ትረካዎች ጎን ያነበበ ሰው፣ አንዱ ወገን «አገር አንድ ያደረጉ» የሚላቸውን ሌላው «ያሰቡትን ለመፈጸም የሚያስችል መሣሪያ ያልነበራቸው» አድርጎ ሲያይ ይመለከታል።

ክርክር ወዳዱ አንድ አደጋ አለበት። መረጃውን ሳይዝ አቋም ይይዛል። ስለዚህ ወደ ክርክሩ ከመግባቱ በፊት የቤተ ክርስቲያን መሬት ጉዳይን የመሰለ አንድ ቁም ነገር መርጦ ሥርዓቱን ጠንቅቆ ይወቅ። ቴዎድሮስ በየቤተ ክርስቲያኑ ለሚያገለግሉ ካህናት ቁጥር ወስነው የተረፈውን መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ለመስጠት መነሣታቸው ከካህናቱ ጋር አጣላቸው። ይህ እርምጃ ብልህነት ነበር ወይስ ጥፋት የሚለውን ለመከራከር፣ በዚያ ዘመን ጦር በደመወዝ ሳይሆን በገበሬው ቤት ገብቶ ይኖር እንደነበር ማወቅ ግድ ነው።

ለሰነድ ወዳጅ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሰነድ የሊቃውንት ብቻ ይመስለዋል፤ የቴዎድሮስ ዘመን ሰነዶች ግን ማንኛውም አማርኛ አንባቢ ሊቀርባቸው የሚችል ናቸው። ቀድሞ የነገሥታት ዜና መዋዕል በግእዝ ይጻፍ ነበር፤ የቴዎድሮስ ዜና መዋዕሎች ግን በአማርኛ የተጻፉ ናቸው። ሦስት ናቸው። የአለቃ ዘነብ ንጉሡን የሚያደንቅ ሲሆን ታሪኩን እስከ መቅደላ አያደርስም። የአለቃ ወልደ ማርያም ከሞታቸው በኋላ የተጻፈና የሚነቅፍ ነው። ሦስተኛው የጸሐፊው ስም አልታወቀም። የሰነድ ወዳጅ ከዘነብ አንድ ገጽ፣ ከወልደ ማርያም አንድ ገጽ ስለ አንድ ዘመቻ ቢያነብ፣ በሦስት ጥናቶች የማያገኘውን ነገር ያገኛል፤ አንድ ዘመን ለሁለት የዓይን ምስክሮች ምን ያህል የተለያየ እንደነበር።

ደብዳቤዎቹ ደግሞ ሩቤንሰንና የሥራ ባልደረቦቹ ባዘጋጁት «አክታ ኤቲዮፒካ» ውስጥ ይገኛሉ። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ቅጽ ከ1855 እስከ 1868 እ.ኤ.አ. የተጻፉትን የቴዎድሮስንና በዘመናቸው የነበሩትን ሰዎች ደብዳቤዎች ከነፎቶግራፋቸውና ከነትርጉማቸው ይዟል። በዚያ ውስጥ ንጉሡ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት፣ ለንደን ደርሶ መልስ ያላገኘው ደብዳቤ አለ። ንጉሡ ከእንግሊዝ ጋር የተጣሉበትን ምክንያት በሌሎች ሰዎች ትረካ ከመስማት በፊት ይህን ደብዳቤ በራሱ ቃል ማንበብ ብዙ ነገር ያስተካክላል።

በዚያ ጠብ ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ማስታወሻዎችም አሉ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም፣ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ፣ ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን እያንዳንዳቸው ከመፈታታቸው በኋላ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጽፈዋል። ስተርን ከመታሰሩ በፊት ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የንጉሡን እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ ብሎ መጻፉ ቁጣ ካስነሡበት ነገሮች አንዱ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ደራሲውን ሰንሰለት ውስጥ ያስገባበት አጋጣሚ ስለሆነ፣ የሰነድ ወዳጅ ይህን መጽሐፍ በተለየ ዓይን ማየቱ አይቀርም። የእስረኛ ማስታወሻ ሲያነቡ ሁልጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ጸሐፊው የተናገረውን በዓይኑ አይቷል ወይስ ከአስተርጓሚ ሰምቷል? ሲጽፍ ማን እንዲያነብለት አስቦ ነው? ከተፈታ በኋላ ራሱን ከየትኛው ወቀሳ ለማዳን ይሞክራል? ራሳም ለምሳሌ በአገሩ «ንጉሡን አለአግባብ አባብሏል» ተብሎ ይነቀፍ ስለነበር መጽሐፉ ከፊሉ መከላከያ ነው።

ሰነድ ወዳዱ ግን በአንድ ሰነድ ላይ ብዙ ጊዜ አጥፍቶ ዘመኑን ሳያይ ሊቀር ይችላል። የዘመኑን መሥመር የያዘ መጽሐፍ ሁልጊዜ ከአጠገቡ ይኑር።

በቦታና በሥዕል ለሚረዳ

በካርታ የሚያስብ አንባቢ የመቅደላን ዘመቻ ለመረዳት የትኛውም መጽሐፍ ከሚሰጠው ካርታ ይልቅ የራሱን ቢሥል ይሻላል። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ 13,000 የሚደርሱ ወታደሮችና 44 ዝሆኖች ይዞ ከቀይ ባሕር ዳር ዙላ ተነሥቶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በአንታሎ፣ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አልፎ የበሽሎን ወንዝ ተሻግሮ መቅደላ ደረሰ። በሌላ በኩል ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖል የሚባለውን ከባድ መድፍ እየጎተቱ፣ ለመድፉ መንገድ እየጠረጉ ወራት ፈጅተው ወደዚያው አምባ መጡ። ሁለቱን መንገዶች በሁለት ቀለም ይሣሉ፤ ከዚያ ትግራይን የያዙት ካሣ ምርጫ (በኋላ አፄ ዮሐንስ)፣ ላስታ ላይ ዋግሹም ጎበዜ፣ ሸዋ ላይ ምኒልክ እንደነበሩ ያመልክቱ። ካርታው ሲያልቅ የእንግሊዝ ጦር ያን ሁሉ መንገድ ያለ ጦርነት ለምን እንደተጓዘና ንጉሡ በመጨረሻ የቀራቸው መሬት ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ያለ ማብራሪያ ይታያል።

የዘመቻው ጦር የራሱ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት የኢትዮጵያ ጥንታዊ ፎቶግራፎች መጽሐፍም ከ1867 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። ፎቶግራፍ ሲያዩ ከፎቶው ውጪ ያለውን መጠየቅ አይርሱ፤ ካሜራው የአሸናፊው ነበር።

በጆሮ ስለሚቀርበው ታሪክ

«መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፤ የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ» የሚለውን ያልሰማ ጥቂት ነው። የቃል ግጥም የታሪክ መጽሐፍን አይተካም፤ ነገር ግን በዘመኑ የነበረ ሰው ምን እንደተሰማው ለማወቅ ከዜና መዋዕሉ ይልቅ ይቀርባል። የተክለ ጻድቅና የጳውሎስ መጻሕፍት ድምፅ ተሰምቶ ሲነበቡ ከዝምታ ንባብ ይልቅ የሚጥሙ ናቸው፤ የባሕሩ መጽሐፍ ግን በጆሮ ብቻ ለመከተል ጥቅጥቅ ይላል።

ይህ በተለይ በውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች ይጠቅማል። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ብዙ ልጆች አማርኛ እየሰሙ አድገው ፊደሉን ግን እያነከሱ ነው የሚያነቡት። ለእነርሱ መጽሐፍ ገዝቶ መስጠት ሳይሆን ወላጅ ወይም አያት ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ልጁ መጽሐፉን እየተከተለ ማዳመጥ፣ ከዚያም ያዳመጠውን በፈለገው ቋንቋ መልሶ መተረክ ይሻላል። ለልጅ የሚቀርበው ሰውም ንጉሡ አይደሉም፤ ልጃቸው ዓለማየሁ ናቸው። በሰባት ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ ተወስደው በ1879 እ.ኤ.አ. በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ሊድስ ከተማ አርፈው ዊንዘር ተቀበሩ። ለንደን አካባቢ የሚኖር ቤተሰብ ከንባቡ በኋላ ከመቅደላ የተወሰዱትን ዕቃዎች በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ልጆቹን ይዞ ሄዶ ሊያሳይ ይችላል፤ ከዚያው የተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ደግሞ በብዛት በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ልጁ በሚኖርበት ከተማ ያለ ነገር ሲሆን ታሪኩ ሩቅ መሆኑ ይቀራል።

መጽሐፍ ቤት ሲገቡ

መጽሐፍ ሲመርጡ መግቢያውን አንብበው አይወስኑ፤ መግቢያ ሁሉ ያምራል። አስቀድመው የሚያውቁትን አንድ ድርጊት ይምረጡ፤ ለዚህ ዘመን ከሆነ ያልተመለሰው ደብዳቤ ይሁን፤ ያንን ገጽ ፈልገው በቆሙበት ያንብቡ። ጸሐፊው ለዚያ ጉዳይ ስንት ገጽ ሰጠው? ስሞችን ይዘረዝራል ወይስ ምክንያት ይደረድራል? የተናገረውን ከየት እንዳገኘ ይገልጻል? ሁለት ገጽ አንብበው ሦስተኛውን ለመግለጥ እጅዎ ከፈጠነ መጽሐፉ የእርስዎ ነው። መጽሐፉ በመጨረሻ የስም ማውጫ ቢኖረው ይመረጣል፤ ብዙ የአማርኛ የታሪክ መጻሕፍት ይህ ይጎድላቸዋል፤ እርስዎ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የራስዎን ማውጫ እየጻፉ መሄድ ይችላሉ።

አማርኛና የውጭ መጻሕፍትን ጎን ለጎን ለሚያነብ ሰው ትልቁ ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። የዓመቱ ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የቀኑን ልዩነት ግን ብዙዎች ይስቱታል። ጎርጎርዮሳዊው (የፈረንጆቹ) አቆጣጠር በ1900 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ ላይ፣ የእኛው በየአራት ዓመቱ የሚጨምረውን ዓይነት አንድ ቀን ስላልጨመረ፣ ከዚያ በፊት የነበሩ ቀኖች ዛሬ ባለው ሠንጠረዥ ሲለወጡ በአንድ ቀን ይዛነፋሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ኤፕሪል 13 ቀን 1868 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዛሬው ሠንጠረዥ ግን ኤፕሪል 14 ይመጣል። የአድዋ ድል የካቲት 23 ሲከበር የፈረንጆቹ ቀን ማርች 2 ሆኖ ሳለ የውጭ መጻሕፍት ማርች 1 ቀን 1896 የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ሳያውቁ ሁለት መጻሕፍትን ያነጻጸሩ አንባቢዎች አንዱን ጸሐፊ በከንቱ በስሕተት ይከሳሉ።

ሁለተኛው መጽሐፍ

የመጀመሪያው መጽሐፍ ከጥያቄዎ ጋር የሚስማማ ይሁን፤ ሁለተኛው ግን ሆን ተብሎ የማይስማማ መሆን አለበት። በሰው በኩል የገባ አንባቢ በጳውሎስ ጀምሮ ወደ ባሕሩ ቢሄድ፣ ቀድሞ የወደዳቸው ንጉሥ በሰፊው ታሪክ ውስጥ የት እንደሚቆሙ ያያል። በባሕሩ የጀመረ ደግሞ ወደ ዘነብ ቢመለስ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈው ዘመቻ ምን ያህል ደም እንደፈሰሰበት ይረዳል። ክርክር ወዳዱ ከሩቤንሰንና ከክራሚ በኋላ ወደ ተክለ ጻድቅ ቢሄድ ዝርዝሩ ያሰለቸዋል፤ ነገር ግን አቋሙን የሚደግፈውንም የሚያፈርሰውንም ያገኛል።

ሁለቱ መጻሕፍት ሲጣሉ፣ እና መጣላታቸው አይቀርም፣ ቶሎ አንዱን አያሸንፉ። ደብተርዎን ለሁለት ከፍለው በግራ አንደኛው ያለውን፣ በቀኝ ሌላው ያለውን፣ ከሥር ደግሞ እያንዳንዱ ያንን ከየት እንዳገኘው ይጻፉ። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ወደ አንድ ምንጭ ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ሁለት ምስክር የመሰለዎት አንድ ብቻ ይሆናል። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንደኛው ከዜና መዋዕል፣ ሁለተኛው ከእስረኛ ማስታወሻ መውሰዱን ያያሉ፤ ያን ጊዜ ወደ ምንጮቹ መሄድ ነው። ንባቡን ብቻዎን የማይዘልቁት ከሆነ ጥያቄያቸው የተለያየ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ሆነው፣ እያንዳንዱ በየራሱ ዓይነት መጽሐፍ ስለ አንድ ድርጊት አንብቦ ቢገናኝ፣ ሴባስቶፖልን የጎተተው ማን ነበር፣ ስንት ጊዜ ፈጀ፣ ለምንስ ተጎተተ የሚለውን ትንሽ ጥያቄ ይዞ እንኳ አንድ ምሽት አይበቃም።